መልካቸው ለማይመሳሰል ቤተሰቦች የሚሆን ማረፊያ፦ የአንድ ኮምቦልቻ ፔንሲዮን ግምገማ

ኮምቦልቻ ውስጥ ከዋናው የደሴ መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ የሚገኝ፣ ባለ አንድ ፎቅ፣ ግቢው ለመኪና ማቆሚያ የሚበቃ አንድ ፔንሲዮን አለ። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ የምተርከው ነገር የፖሊስ ጉዳይ ስላለበት ቤቱንም ሆነ በዚያ ምሽት ሥራቸውን ይሠሩ የነበሩትን ሰዎች ለማያስፈልግ ወሬ ማጋለጥ አልፈልግም። ስለ ክፍሎቹና ስለ ቁርሱ የምለው አለኝ፤ ይህን ግምገማ የጻፍሁት ግን በዋናነት ሌላ አገልግሎት ለመመዘን ነው፤ ይኸውም አባትና ልጅ፣ እናትና ልጅ ወይም ወንድምና እህት መሆናቸው ከመልካቸው የማይታወቅ ቤተሰቦች በአንድ ማረፊያ ቤት እንዴት እንደሚመዘገቡና ፖሊስ ሲመጣ እንዴት እንደሚስተናገዱ ነው። ሰዎች ስለ ማረፊያ ቤት ሲጽፉ ስለ ሙቅ ውሃና ስለ ዋይፋይ ብዙ ይላሉ፤ እኛን ለመሰለ ቤተሰብ ግን ይህኛው ጉዳይ ከሙቅ ውሃው ይቀድማል።

እኛ አራት ነን። እኔና ባለቤቴ ቀያዮች ነን፤ የስድስት ዓመቱ ልጃችንም ቁርጥ እናቱን ነው። የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጃችን ግን ጥቁር ናት፤ ፀጉሯም፣ ቁመናዋም፣ የፊቷ ቅርጽም ከማናችንም ጋር አይገናኝም። በሕፃንነቷ በጉዲፈቻ ወስደን ያሳደግናት ናት፤ ይህን እሷም፣ ጎረቤትም፣ ትምህርት ቤቷም ያውቃል። የማያውቀው መንገደኛ ነው፤ መንገደኛ ደግሞ መጠየቅ ይወዳል። ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ወሎ ስንሄድ ባለቤቴ በሥራዋ ምክንያት ከትንሹ ጋር ኋላ ትመጣለች፣ እኔ ከልጅቷ ጋር ቀድሜ እደርሳለሁ፤ ስለዚህ እንግዳ መቀበያው ፊት የሚቆሙት አንድ ጎልማሳና ምንም የማትመስለው ታዳጊ ልጅ ናቸው። ይህ በየትኛውም ከተማ ጥያቄ ሊያስነሣ ይችላል፤ በኮምቦልቻ ደግሞ ይበልጥ።

ስለ ክፍሉ በአጭሩ ተናግሬ ልለፍ። አንሶላው ንጹሕ ነው፣ አልጋው አይንጫጫም፣ በሩም ከውስጥ በደንብ ይቆለፋል። ኮምቦልቻ ከደሴ በብዙ ዝቅ ያለች ሞቃት ከተማ በመሆኗ የሐረጎን ቁልቁለት የወረደ ሰው ጃኬቱን ወዲያው ያወልቃል፤ ስለዚህ በየክፍሉ ቬንትሌተርና አጎበር መኖሩን እንደ ቅንጦት አልቆጥረውም። የከተማው ውሃ ሲቋረጥ ጣሪያ ላይ ካለው ሮቶ ይመጣል፤ ይሁን እንጂ ግፊቱ ደካማ ስለሆነ ላይኛው ፎቅ ላይ ሻወሩ ይንጠባጠባል እንጂ አይወርድም። እንቅልፋችሁ ቀላል ከሆነ በመንገዱ በኩል ያሉትን ክፍሎች አትያዙ፤ ከባድ መኪኖች ሌሊቱን ሙሉ ይመላለሳሉ።

አሁን ወደ ምዝገባው። እንግዳ መቀበያው ላይ የነበረችው ወጣት «እንኳን ደህና መጡ ጋሼ» ብላ መታወቂያዬን ተቀበለችኝ። ከዚያ ልጄን አየቻት፣ መልሳ እኔን አየችኝ። እስከዚህ ድረስ ያለው ሁሉም የሚያደርገው ነው። ቀጥላ ያደረገችውን ግን ሌላ ቦታ አላየሁትም። ልጅቷን አንድም ነገር ሳትጠይቃት፣ ግቢው ውስጥ ጥላው ሥር እንድትቀመጥ አድርጋ ለስላሳ አዘዘችላት፤ ሁለታችን ብቻ ስንቀር ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከማን ጋር እንደመጡ የምንጽፍበት ቦታ አለን፤ የምንጠይቀው ሁሉንም እንግዳ ነው። የልጅቷን የልደት ወረቀት ወይም ሌላ ማስረጃ ይዘው ከሆነ ፎቶ ኮፒውን ይስጡኝ፤ ማታ ቁጥጥር ሲመጣ እናንተን ከምንቀሰቅስ እኔ አሳያቸዋለሁ» አለችኝ። ሁሉንም እንጠይቃለን ማለቷ ለማባበል እንዳልሆነ የገባኝ ከእኔ ቀጥላ የመጣች፣ ልጆቿ አፍንጫቸው ሳይቀር እሷን የሚመስሉ እናት በዚያው ቃልና በዚያው ድምፅ ስትጠየቅ በመስማቴ ነው። እናትየዋ በመጠኑ ተቆጣች፤ «ልጆቼ መሆናቸው አይታይሽም?» አለቻት። እንግዳ ተቀባይዋ፣ «ይታየኛል እማማ፤ ደብተሩ ግን ዓይን የለውም» ብላ መለሰችላት። ለእኔ የዚህ ቤት ትልቁ ብቃት ይህ ነው። ጥያቄው በመልካችን ምክንያት ተነጥሎ ለእኛ የመጣ ቢሆን ኖሮ ልጄ ፊት እንደ ተከሳሽ በቆምሁ ነበር፤ የሁሉም እንግዳ ግዴታ ስለሆነ ግን ቅጽ ሞልቼ ቁልፍ ተቀበልሁ።

ቤቱ ይህን ልማድ ከየት እንዳመጣው ለመረዳት ከተማዋ የተቀመጠችበትን ቦታ ማየት ይበቃል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገድ ኮምቦልቻ ላይ ሲደርስ አንደኛው ወደ ደሴ ሽቅብ ይወጣል፤ ሌላው በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ ይወርድና ከጅቡቲው መንገድ ጋር ይገናኛል። ደቡብ ወሎ ደግሞ ልጆቹን ወደ ዓረብ አገር በብዛት ከሚሸኙት አካባቢዎች አንዱ ነው። በሕጋዊ መንገድ መሄድ ያልቻለው በባቲ በኩል አፋርን ያቋርጣል፣ ከጅቡቲ የኦቦክ ዳርቻ በጀልባ ወደ የመን ይሻገራል፣ የተረፈውም ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ይዘልቃል። ስለዚህ ታዳጊ ሴት ልጅ ይዞ አልጋ የሚጠይቅ፣ ሲጠየቅም «አጎቷ ነኝ» የሚል ሰው እዚህ ለሚሠራ ፖሊስ ከአየር ላይ የመጣ ሐሳብ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው በሰው የመነገድና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር የማሻገር ወንጀልን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1178 ከባድ ቅጣት የደነገገው ያለ ምክንያት አይደለም። እኔም የሁለት ልጆች አባት ነኝ፤ ፖሊስ ዓይኑን ቢጥልብኝ አልቀየምም፣ ጭራሽ ባይመለከተኝ ነበር የምቀየመው።

የማልቀበለው መልክን እንደ ማስረጃ መቁጠርን ነው። ለዚህም የምለው የስሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ደላላ ልጆችን የሚመለምለው ብዙውን ጊዜ ከሚያውቀው ሰፈር፣ ከዘመድ፣ ከጎረቤት፣ ከአገሩ ልጅ መካከል ነው፤ ስለዚህ ከሚያሻግራቸው ልጆች ጋር የመመሳሰል ዕድሉ እኔ ከልጄ ጋር ካለኝ እጅግ ይበልጣል። ቀይ ደላላ ቀይ ልጅ ይዞ ቢመጣ በመልክ የሚጠረጥረው ፖሊስ «ደህና እደሩ» ብሎት ያልፋል፣ ከዚያም የእኛን በር ያንኳኳል። ይህ ቁጥጥር እኛን ያስቀይማል፤ የሚጠብቃት ልጅ ግን የለችም።

ስምም አያድነንም። በእኛ አገር ሚስት የባሏን ስም አትወስድም፣ ልጅም የሚጠራው በአባቱና በአያቱ ስም ነው፤ በመሆኑም አንዲት እናት የወለደችውን ልጅ ይዛ ስትሄድ እንኳ መታወቂያዋ ላይ ከልጇ ጋር የሚያገናኛት አንድም ስም አይገኝም። ወሎ ላይ ሲሆን ደግሞ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በጋብቻ የተሳሰረ ስለሆነ በአንድ ቤት ሰይድና ገብረ ማርያም የአንድ አያት ልጆች ሆነው ይገኛሉ፤ ከስም ዝምድና ለማውጣት የሚሞክር እንግዳ ሰው ግራ ይገባዋል። የእኛ ልጅ የወላጅ አባቷን ስም እንደያዘች ናት፤ ይህን የመረጥነው እኛ ነን፣ አልተጸጸትንበትምም። ከዚህ ሁሉ በላይ በዚህ አካባቢ በ1966 እና በ1977ቱ ረሃብ፣ ኋላም በ2014ቱ ጦርነት ምክንያት በአክስት፣ በጎረቤት፣ በክርስትና እናት እጅ ያደጉ ልጆች አሉ። ልጅ ማሳደግ እዚህ አገር ከፍርድ ቤት በፊት የነበረ ነገር በመሆኑ ብዙዎቹ ወረቀት የላቸውም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ክረምት ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለደ ልጅ የልደት ወረቀቱን በጊዜው አለማውጣቱ የሚያስገርም አይደለም።

ይህን በማሰብ ወረቀት የሌለው እንግዳ ሲመጣ ምን እንደሚያደርጉ እንግዳ ተቀባይዋን ጠየቅኋት። አይመልሱትም፤ የሌላኛውን ወላጅ፣ የዘመድ ወይም የልጁን መምህር ስልክ ተቀብለው እዚያው ይደውላሉ፤ ማን እንዳነሣና ምን እንዳለ መዝገቡ ላይ ይጽፋሉ። የሚያጠራጥር ነገር ሲገኝ ራሳቸው ፖሊስ ይጠራሉ፤ ይህንንም አልደበቀችኝም። ቀላል ሥራ ነው፤ ግን የሚሠራው ሲያገኝ ነው።

ቁጥጥሩ የመጣው ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ነበር። እኔ ግቢው ውስጥ ሻይ እየጠጣሁ ስለነበር ሁሉንም ሰምቻለሁ። አንድ ሳጅንና አንዲት ሴት ፖሊስ ነበሩ። ሳጅኑ መዝገቡን በጣቱ እየተከተለ ወረደና የእኛ መስመር ላይ ቆመ።

«እዚህ ላይ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከአንድ ወንድ ጋር ይላል።»

«አባቷ ናቸው፤ በጉዲፈቻ ያሳደጓት ናት። የፍርድ ቤት ውሳኔው ኮፒ ይኸው፣ የልደት ወረቀቷም አለ፣ የእናቷም ስልክ አለ» አለችው እንግዳ ተቀባይዋ።

ሳጅኑ ውሳኔውን ጊዜ ወስዶ አነበበው፤ ማህተሙንም ወደ መብራቱ አስጠግቶ ተመለከተው። «ልጅቷ የት ናት?» አለ። ተኝታለች አለችው። ልያት ሲል፣ «ሳጅን፣ በር ከመንኳኳቱ በፊት እናትየዋን ብናናግራቸው ይሻላል፤ ካላሳመነን ደግሞ እህታችን ትግባ» አለችው። ይህን ያለችው የከተማውን ፖሊስ በየዕለቱ የምታገኝ፣ ነገም ሥራዋ ላይ መገኘት ያለባት ተቀጣሪ ናት። ሴቷ ፖሊስ በራሷ ስልክ ለባለቤቴ ደወለች። የጠየቀቻት ወረቀቱ ላይ ያለውን አልነበረም፤ ልጅቷ ስንተኛ ክፍል እንደሆነች፣ የክፍል መምህሯ ማን እንደምትባልና ጠዋት ከቤት ስትወጣ ምን ለብሳ እንደነበር ጠየቀቻት። ባለቤቴ ቢጫ ሹራብ ስትል እንግዳ ተቀባይዋ ራሷን ነቀነቀች። ፖሊሷ ወደ እኔም መጥታ እነዚያኑ ጥያቄዎች በአክብሮት ጠየቀችኝ፣ «ይቅርታ አባት፣ ሥራችን ነው» አለችና ሄዱ። ልጄ አልነቃችም። እንዲህ ያለ ምርመራ ከመልክ ይልቅ እውነትን ያገኛል፤ ደላላ ወረቀት ሊያሠራ ይችላል፣ የመምህሯን ስምና የሹራቡን ቀለም በሌላ ከተማ ካለች ሴት ጋር አስማምቶ ለመናገር ግን ይቸገራል።

ለንጽጽር ያህል ከዚህ ቀደም ደሴ ውስጥ ያረፍንበትን ሆቴል አነሣለሁ፤ ስሙን እሱንም ልተወው። ሕንፃው ያማረ፣ መግቢያው እብነ በረድ፣ ሻወሩም ከኮምቦልቻው በብዙ የተሻለ ነበር። ስንገባ የእኔን መታወቂያ ብቻ መዝግበው ስለ ልጅቷ ምንም ሳይጠይቁ ቁልፍ ሰጡን፤ ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር። እኩለ ሌሊት አካባቢ በራችን ተደበደበ። ማን እንደጠራቸው አልተነገረኝም። ልጄን በሌሊት ልብሷ ኮሪደር ላይ አቁመው፣ የሌሎች ክፍሎች በር ገርበብ ብሎ ሰው እያየ፣ «ይህ ሰውዬ ምንሽ ነው?» አሏት። «አባቴ» አለች። «እውነተኛ አባትሽ?» ተባለች። እኔ ፊት ለፊቷ ቆሜ ነበር፤ ደላላ ብሆን ኖሮ እኔ ፊት ምን ልትል ትችል ነበር? ጥያቄው ልጅን ለማዳን የታሰበ ከሆነ ከተጠረጠረው ሰው ለይቶ በሴት ፖሊስ መጠየቅ ነበረባት፤ ለማዳን ካልታሰበ ደግሞ ጭራሽ መጠየቅ አልነበረባትም። ሻንጣዬ ውስጥ የነበረው የፍርድ ቤት ውሳኔ የተጠየቀው መጨረሻ ላይ ነው፤ ታይቶም ሁሉም ወደየመጣበት ተመለሰ። የሆቴሉ ሰዎች በማግስቱ የነገሩን ነገር ቢኖር ቁርስ እስከ ሦስት ሰዓት መሆኑን ብቻ ነው።

ይህ የእኛ አገር ጉድለት ብቻ እንዳይመስል በውጭ የሆነውንም ማስታወስ ይገባል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጥቅምት 2013 የግሪክ ፖሊስ ፋርሳላ በምትባል ከተማ አጠገብ፣ ሮማ የሚባለው ሕዝብ በሚኖርበት ሰፈር፣ አንዲት ፀጉሯ ወርቃማ የሆነ ሕፃን አገኘ፤ አብረዋት ያሉትን ሰዎች ስላልመሰለችም ተሰርቃለች ተብሎ ዓለም ሁሉ ተነጋገረባት። የዘረ መል ምርመራው የእነሱ የአብራክ ልጅ አለመሆኗን አሳየ፤ ነገር ግን ወላጅ እናቷ በቡልጋሪያ የምትኖር፣ ራሷም ሮማ የሆነች ድሃ ሴት ሆና ተገኘች፤ ልጅቷን የተወቻቸውም ማሳደግ ስላቃታት መሆኑን ተናገረች። በዚያው ሳምንት አየርላንድ ውስጥ ፖሊስ ከሁለት የሮማ ቤተሰቦች፣ ከደብሊን አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ፣ ከአትሎን ደግሞ አንድ የሁለት ዓመት ሕፃን፣ ወላጆቻቸውን አይመስሉም በሚል ወሰደ። ሁለቱም የገዛ ወላጆቻቸው ልጆች ነበሩ፤ የደብሊኗ ወደ ቤቷ የተመለሰችው የዘረ መል ውጤቱ ከመጣ በኋላ ነው። የአገሪቱ የሕፃናት መብት ዕንባ ጠባቂ የነበሩት ኤሚሊ ሎጋን በቀጣዩ ዓመት ባወጡት ሪፖርት በደብሊኑ ጉዳይ ላይ የተፈጸመው ሰውን በዘሩ የመጠርጠር ተግባር መሆኑን አመለከቱ። የአብራክ ልጅም ወላጆቹን ላይመስል እንደሚችል ማንኛዋም የወሎ አዋላጅ ታውቃለች፤ ይህን ለማረጋገጥ ግን እዚያ ላቦራቶሪ አስፈለገ።

ሕጋችን በዚህ ረገድ ከልማዳችን የተሻለ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጅ ወላጆቹን ወይም በሕግ የማሳደግ መብት ያላቸውን ሰዎች የማወቅና የእነሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ሕፃናትን የሚመለከት እርምጃ ሲወሰድም የሕፃኑ ደኅንነት በቀዳሚነት እንዲታሰብ ያዝዛል። በቤተሰብ ሕጋችን ጉዲፈቻ የሚጸናው ፍርድ ቤት ሲያጸድቀው ነው፤ ከጸደቀ በኋላም ልጁ እንደ አሳዳጊው ልጅ ይቆጠራል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም ፍርድ ቤት ካላዘዘ በስተቀር ብርበራ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ እንዲደረግ ይላል። መዝገብ ማየትና ክፍል መግባት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የኮምቦልቻዋ ወጣት ሕግ ሳትጠቅስ ለይታዋለች። ጉዲፈቻ ለውጭ አገር ሰዎች ከተዘጋበት ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ቤተሰብ ያጡ ልጆች የሚወሰዱት በአገር ውስጥ ቤቶች ነው፤ ስለዚህ እኛን የመሰሉ እንግዶች ወደፊትም ይመጣሉ፣ የሆቴል ባለቤቶችም ቢያስቡበት ገበያም ነው።

ቤቱ እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። የእንግዳ መዝገቡ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ተገልጦ ይውላል፤ ከእኔ በኋላ የመጣ ሰው ሁሉ ልጄ በጉዲፈቻ ያደገች መሆኗን ማንበብ ይችል ነበር። ልጄ ይህን መደበቅ የማትፈልግ ብትሆንም ለማን እንደሚነገር የምትመርጠው እሷ ናት። ለባለቤቱ ነግሬያቸው መዝገቡን ወደ መሳቢያ እንዲያስገቡ፣ «ዝምድና» ከሚለው ሥርም «ልጅ» ብቻ ተብሎ እንዲጻፍ ጠየቅኋቸው፤ «ልክ ነው፣ እናስተካክላለን» አሉኝ። የፍርድ ቤት ውሳኔውን ፎቶ ኮፒ ስንወጣ የመለሱልኝ እኔ ስለጠየቅሁ ነው፤ ሳይጠየቁ መመለስ ወይም እንግዳው ፊት መቅደድ አለባቸው። ምሽት ላይ ያቺ ወጣት ፈቃድ ስትወስድ የሚተካት ልጅም ይህን ሥርዓት ያውቀው እንደሆነ ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ ጥርት ያለ አልነበረም፤ ደንቡ በጽሑፍ ካልተሰቀለ የአንድ ሰው ጨዋነት ሆኖ ይቀራል ብዬ እሰጋለሁ።

ቁርሱ ፉል፣ እንቁላልና ፍርፍር ነው፤ ፍርፍሩ በርበሬ ይበዛበታል፣ ልጆች ላላችሁ አልጫውን አስቀድማችሁ እዘዙ። ዋጋው ደሴ ካለው ሆቴል በግልጽ ይቀንሳል። ከልጆች ጋር የምትመጡ ከሆነ የልደት ወረቀቱንና ካለም የፍርድ ቤት ውሳኔውን ፎቶ ኮፒ አዘጋጅታችሁ ኑ፣ በግቢው በኩል ምድር ላይ ያሉትን ክፍሎችም ጠይቁ፤ እዚያ ሻወሩ በደንብ ይወርዳል።